ሠላሳውንም ቀን የጾመችው ብስክሌተኛ

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁና ይቅለለኝ። ለእኔ ያልተጻፈ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ። ያውም አንብቤ ስጨርስ ለጸሐፊዋ «እጅጌው ቆንጆ ነው፣ እንዲሁ ይሁን» ብዬ መለስኩላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጅማ፣ አወቱ መንደራ፣ ልብስ የምትሰፋልኝ ፈትያ የምትባል ሴት አለች። ሃምሳን ዘልላለች፣ አፏ እንደ መቀሷ ነው፣ ክር ስታስገባ ብቻ ዝም ትላለች። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ቀሚስ አዝዣት የእጅጌውን ሞዴል በቴሌግራም ልትልክልኝ ነበር። የመጣልኝ ግን ከደብተር የተገነጠለ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ ነው። «ለተከበሩ ሐኪም» ብሎ ይጀምራል። እጅጌ አለመሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ነው ያወቅሁት፤ አልዋሽም። ዐይን ግን አንዴ ከገባ መውጫው ይጠፋዋል።

በማግስቱ ሱቋ ሄጄ ተናዘዝኩ። ፈትያ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ቆንጆ ነው ስትዪኝ ገርሞኝ ነበር። እጅጌ መቼ ላክሁልሽና» አለች። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «ካነበብሽው አይቀር፣ እታገኝ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል?»

ያን ቀን የጀመርነው ጨዋታ፣ በየመሃሉ እየተቋረጠ፣ ሦስት ከሰዓት ፈጀ። ደብዳቤዎቹን ሁሉ አወጣችልኝ። የተጻጻፈቻት ረይሃና ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የፈትያ የአጎት ልጅ የቲጃኒ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ፈትያን «አዳዳ» ትላታለች፣ በኦሮምኛ የአባት ወገን አክስት ማለት ነው። ወላጆቿ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለችው ሰኮሩ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ጅማ መጥታ ፈትያ ቤት ተቀመጠች፣ እዚሁ ብስክሌት ለመደች፣ እዚሁ ክለብ ገባች፣ ደብዳቤዎቹ ሲጻፉ ጣሊያን ውስጥ ለአንድ የሴቶች ቡድን በደሞዝ ትጋልብ ነበር።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ፈትያ፦ «እሷ ስትደውል ስልኩ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይከበዋል፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ 'ደህና ነሽ' ይላል፣ ካርዱ ያልቃል። ምን ተነጋገርን? ምንም» አለችኝ። ስለዚህ ሁለቱም በእጃቸው ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይላላካሉ። እንግዲህ አብረን እናንብብ። ያሳጠርኩት አለ፤ የጨመርኩት የለም።

ጥር 19 ቀን 2016

ይድረስ ለአዳዳዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ወገብዎ እንዴት ከረመ? ማሽኑ ላይ ሲያጎነብሱ የሚይዝዎ ነገር ለቀቀዎት ወይ? አላህ ሙሉ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ሰሞኑን ላብራቶሪ ወስደው ፈተኑኝ። የማይሄድ ብስክሌት ላይ አወጡኝና አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፈኑ፤ የምተነፍሰው አየር በቱቦ ሄዶ ማሽን ውስጥ ይቆጠራል። በየሦስት ደቂቃው ፔዳሉን ያከብዱታል፣ በየሦስት ደቂቃው የጆሮዬን ጫፍ ወግተው አንድ ጠብታ ደም ይወስዳሉ። እግሬ እምቢ እስኪል ነው። ጅሬን ዳገት ላይ ቤተ መንግሥቱ በር ልደርስ ስል የሚሰማኝን ነግሬዎት አውቃለሁ። ልክ እሱ ነው፤ ብቻ እዚህ ሲያልቅ የሚታየው ግድግዳ ነው።

ከዚያ አንዲት ሴት (ሴት ናት፣ አይጨነቁ) ስምንት ቦታ ላይ ቆዳዬን በመቆንጠጫ ይዛ ለካችው። በመጨረሻም ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ከላዬ ማሽን አሳለፉ፤ ስቡን፣ ጡንቻውን፣ አጥንቱን ለይቶ ይጽፋል። ክብደቴ 53 ኪሎ ነው። ከመቶ ሃያው ስብ ነው አሉኝ። አሰልጣኙ ወረቀቱን አይቶ፣ «ሞተርሽ ግሩም ነው፤ ጭነቱ ነው የበዛው» አለኝ። ሦስት አራት ኪሎ ብቀንስ ተራራ ላይ ከፊተኞቹ ጋር እሆናለሁ። ውሌ በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፤ ማደሱን የሚወስኑት ከመስከረም ፈተና በኋላ ነው።

አደራ፣ በሶና ማር እንዳይልኩብኝ። ሚጥሚጣ ብቻ።

ረይሃና

የካቲት 10 ቀን 2016

ለዐይኔ ማረፊያ ለረይሃና፣

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ በሄድሽበት ይከተልሽ፣ ከመኪናና ከክፉ ዐይን ይጠብቅሽ። ወገቤን አትጠይቂኝ፣ እሱም ስላንቺ አይጠይቀኝም።

ደብዳቤሽን ደንበኛ አቁሜ አነበብኩት። ቁንጠጣው አሳቀኝ። የሐሙስ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው እንዲህ ነው ጎኑን የሚቆነጥጠው፤ የኛ ሰው ግን ስብ ካጣ ጥሎ ይሄዳል። እነሱ ሲያገኙ ነው ቅር የሚላቸው? ግድ የለም፣ እነሱ ያውቃሉ። ግን አራት ኪሎ ከየት ነው የምትቀንሺው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? የልክ ደብተሬ ላይ አለሽ። አሥራ ሁለተኛ ስትጨርሺ ደረት 84፣ ወገብ 66፣ ዳሌ 92። በዚህ ልክ ለኢድ ቀሚስ ሰፍቼልሻለሁ፣ በሰው እልካለሁ።

አባትሽ ቡናውን ሸጦ ጨረሰ፣ ዘንድሮ ዝናቡ በመድረቂያው ጊዜ መጥቶ አበሳጭቶታል። እናትሽ ሐጂራ ደህና ናት። ሚጥሚጣው ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ፣ ማሎ፣ እባክሽ፦ ከእግር እስከ ራስሽ ያለ ፎቶ ላኪልኝ። ፊትሽን ብቻ እያየን አንድ ዓመት ሆነን።

አዳዳሽ ፈትያ

ሚያዝያ 5 ቀን 2016

ይድረስ ለአዳዳዬ፣

ኢድ ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል። ስለዘገየሁ አፉ ይበሉኝ፣ ወሩ አደከመኝ። ቀሚሱ ደርሷል፣ በጣም ያምራል። ትንሽ ሰፋኝ፤ በመርፌ ቁልፍ ይዤ ለብሼዋለሁ።

ደስ የሚልዎ ነገር ልንገርዎ። እዚህ ብቻዬን ሆኜ ሠላሳውንም ቀን ጾምኩ። አንድም አላመለጠኝም። የምከፍለው ቀዷ የለብኝም። ክብደቴ 48 ገብቷል፤ ሲፈትኑኝም ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል። አሰልጣኙ ወረቀቱን የቡድኑ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ሙሉ ፎቶውን አልረሳሁትም፤ የሚያነሳኝ ሰው ሳገኝ።

ረይሃና

ሚያዝያ 13 ቀን 2016

ለልጄ ለረይሃና፣

አላህ ይቀበልሽ፣ ከነሠላሳው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሴቶቹ ቤቴ በተሰበሰቡበት ቀን ነው። ደንባችንን ታውቂያለሽ፤ ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ተቀምጠን እያንዳንዷ ስንት ቀን እንዳለባት ትናገራለች፣ ከዚያ ቀዷውን አብረን እንጀምራለን፣ አንዷ ሌላዋን ከንጋት በፊት ለስሑር ምግብ ትቀሰቅሳለች። እናትሽ ለኢድ ከሰኮሩ መጥታ ነበር፣ አምስት አለች። ጎረቤታችን ሂንድ ስድስት። ያንቺ ተራ ሲደርስ ተነስቼ፣ «የኔዋ ልጅ ሠላሳውንም ጨርሳለች፣ ዕዳ የለባትም» አልኩ። ማሻአላህ አሉ። እናትሽ አለቀሰች፣ በደስታ። ሂንድ ብቻ ሻይዋን እያማሰለች ዝም አለች፤ ጤና ጣቢያ አድራ ነው የመጣችው፣ ደክሟት ይሆናል።

ቀሚሱ ሰፋኝ ያልሽው አልገባኝም። እኔ በልክ ነው የምሰፋው።

አዳዳሽ

*እዚህ ላይ ትንሽ ላቋርጣችሁ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ፈትያ እስክታስረዳኝ አልገባኝም ነበር። ሙስሊም ሴት የወር አበባ ላይ ስትሆን አትጾምም፤ ያለፋትን ቀን ቆጥራ በኋላ ትከፍላለች። ቀዷ የሚሉት እሱን ነው። እንግዲህ ሃያ ሦስት ዓመት የሆናት ጤነኛ ልጅ ሠላሳ ቀን ሳታቋርጥ ልትጾም የምትችለው እንዴት ነው? አዋላጇ ሂንድ ሻይዋን ስታማስል የቆየችው ይህንን ነው። ፈትያ ግን በኩራት ተነስታ፣ በሰው ፊት፣ ልጅቱን በራሷ አፍ ሰጥታለች።*

ግንቦት 3 ቀን 2016

ለረይሃና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሂንድ ሱቅ መጥታ በሩን መለስ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ሠላሳ ቀን ሙሉ? እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። እኔ ሞኝ፣ «አዎ፣ ጎበዝ ናት» አልኩ። ስትሄድ ነው የገባኝ። ከሂንድ ሌላም የገባቸው አሉ፤ ትናንት ቡና ለቀማ ስለሚሄዱ ሴቶች ስናወራ አንዷ «የውጭ አገር ልጅ ስንት ወሯ ነው?» ብላ ስቃ አለፈች።

ማን ነው አልልሽም። ሙስሊም ነው ወይ ብዬም አልጠይቅሽም። አልቆጣም። ለአባትሽ የሚነገር ከሆነ እኔ እነግረዋለሁ፣ በኔ ይውረድ። ብቻ ንገሪኝ። ሙሉ ፎቶ የማትልኪው ለዚህ ነው?

ፈትያ

*መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ፈትያ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየውን ምልክት ታያለች፤ ተነቧል። «የሰው ልብስ ቆርጬ እጅጌውን ለአንገት ሰፋሁት» አለችኝ ያን ጊዜ ስታስታውስ። አርባ ሦስት ቀን ቆየ።*

ሰኔ 16 ቀን 2016

ይድረስ ለአዳዳ ፈትያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። እጄን የያዘኝ ቁጣ ነው፤ አሁን ቁጣው አልቆ ሌላው ነው የቀረው።

አላረገዝኩም። ወንድ አላውቅም። የወር አበባዬ የቆመው ኅዳር ላይ ነው። ስምንት ወር ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ውድድር ላይ አንድ ጭንቀት ተቀነሰልኝ ብዬ። የቡድኑ ልጆችም፣ «ለውድድር ስትደርሺ እንዲህ ይሆናል፣ ምልክቱ ነው» አሉኝ። ግማሾቹ እንደኔ ናቸው።

ጾሙንም እውነቱን ልንገርዎ። ለአላህ ብቻ አይደለም የጾምኩት። ረመዳን ሲያልቅ ከኢድ ቀጥሎ የሚጾሙትን ስድስቱን የሸዋል ቀን ቀጠልኩ፣ ከዚያ ሰኞና ሐሙስን። ሰዎች ምሳ ሲቀርቡ «ጾመኛ ነኝ» ማለት «አልበላም» ከማለት ይቀላል። ማንም አይከራከረኝም፤ እንዲያውም ያከብሩኛል። እርስዎም አከበሩኝ። ያ ነው ያቃጠለኝ።

ቡድኑ አዲስ ሐኪም ቀጥሯል፣ ሴት ናት። የጥሩንና የግንቦቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችና ማንም ያላነበበውን መስመር አሳየችኝ። ያ ስብ የሚለካው ማሽን አጥንትም ይለካል ብዬዎት ነበር። አሰልጣኙ የስቡን መስመር ብቻ ነው ሲያነብ የነበረው። የወገቤ አጥንት እንደ አሮጊት ሳስቷል። ሰውነቴ የሚበላው ሲያጣ ነው አሉ ወሩን የሚያቆመው፣ ወሩ ሲቆም ደግሞ አጥንቱ ይከተላል።

ለእናቴ ምን ብለው እንደሚነግሩ አላውቅም። 

ረይሃና

ሰኔ 22 ቀን 2016

ለልጄ፣

አፉ በይኝ። ሌላ ቃል የለኝም፣ አፉ በይኝ።

ስምሽን የማጠራበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። እውነቱን ብናገር፣ ልጅቱ ደርቃለች ይላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያገባታል ይላሉ። ዝም ብል የመጀመሪያውን ያምናሉ። በመጨረሻ ሴቶቹን ጠርቼ፣ «ደብዳቤውን ቸኩዬ አንብቤ ነው፣ ሰባት ቀን አለባት» አልኳቸው። ውሸት ነው። ውሸቱ ባዶውን እንዳይቆም ብዬ ሰባቱን ቀን እኔ እየጾምኩት ነው። ላንቺ እንደማይቆጠር አውቃለሁ፣ ሼኹን ዙሪያ ጥምጥም ጠይቄያለሁ። ሆዴ ሌላ የሚሠራው ሲያጣ ነው።

ሂንድ ብቻ አላመነችኝም። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርታ፣ «ቁርስ ትብላ በያት። ሌላ መድኃኒት የለውም፣ ቁርስ ነው» አለችኝ። እኔስ እዚህ ሆኜ ቁርስሽን በምን አበላሻለሁ? ማንኪያዬ ከሰኮሩ አያልፍ።

በቃ ነይ። ቲኬት ካስፈለገ አንዱን ማሽን እሸጣለሁ።

አዳዳሽ

ነሐሴ 4 ቀን 2016

ለአዳዳዬ፣

እኔ አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ ይበሉኝ። ማሽንዎን እንዳይሸጡ። አሁን ብመጣ «አቋረጠች» ነው የሚባለው፤ ጅማ ክለቡ ውስጥ እኔን እያዩ የሚነዱ ስድስት ሴት ልጆች አሉ።

ስድስት ሳምንት በላሁ። ቁርስ፣ መክሰስ፣ ሁሉንም። ጾም አቁሚ ብላኛለች ሐኪሟ፣ አቁሜያለሁ። ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ሌሊት መንቃት ተወኝ፣ እጄ ሞቀ። ከዚያ ፈተኑኝ። እግሬ የሚያወጣው ኃይል ያው ነው፤ ግን ለኪሎ ሲካፈል ቁጥሩ ወረደ። አሰልጣኙ፣ «ሁለት ኪሎ ድንጋይ ኪስሽ ከትተሽ ዳገት ትወጫለሽ?» አለኝ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሳው።

ሐኪሟ፣ «ጤነኛ ሳለሽ ስንት ትመዝኚ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት የመዘነኝ ሰው የለም። አንዲት አክስቴ ጋ ግን የልክ ደብተር አለ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ፣ «ይላክልኝ» አለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ይጻፉልኝ። አድራሻዋን ከታች አስቀምጬያለሁ፣ እርስዎ በቀጥታ ቢልኩላትም ይሆናል።

በሶም ካለ ይላኩልኝ።

ረይሃና

ነሐሴ 12 ቀን 2016

ለረይሃና፣

በሶው ዛሬ ተፈጨ፣ ማሩም ከጌራ ደርሷል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።

ልክሽ ይኸውና። ዘጠነኛ ክፍል ከሰኮሩ ስትመጪ ወገብ 60፣ ዳሌ 80፤ እንደ ዱላ ነበርሽ። አሥረኛ ዳሌ 86። ያን ዓመት ዩኒፎርምሽን ሁለቴ ፈትቼ ሰፋሁት፣ ሁለተኛው ጊዜ ላይ አፍረሽ «ይተዉት» ብለሽኝ ነበር። አሥራ አንደኛ 90። አሥራ ሁለተኛውን ታውቂዋለሽ። ለሐኪሟም ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ኅዳር ላይ የለካሁት የሙሽራ ቀሚስም እዚያው ገጽ ላይ አለ፣ ሙሽራዋ አንቺ እንዳልሆንሽ ንገሪያት።

ሰላሳ ዓመት ሰው ለካሁ። የለካሁት ሰው እንዲያንስ ለምኜ አላውቅም።

አዳዳሽ

መስከረም 17 ቀን 2017

ለአዳዳዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ደብተሩ ደርሷል፤ ሐኪሟ ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ አስገብታ 54 ኪሎ መሆን አለብሽ አለች። እኔ እንደገና 48 ነኝ። አይጠይቁኝ።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ፣ የዓመቱ የመጨረሻ የተራራ ውድድር ነው። ከአሥሩ ውስጥ ከገባሁ የሁለት ዓመት ውል ይሰጡኛል፤ አሰልጣኙ በአፉ ነግሮኛል። ካልገባሁ ወደ ቤት ነው።

አንድ ነገር ለእርስዎ ብቻ እነግርዎታለሁ። ከአልጋ ስወርድ ቀኝ ዳሌዬን እንደ ሚስማር ይወጋኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ብስክሌት ላይ ይሻለኛል፤ ስራመድ ነው። ለሐኪሟ አልነገርኩም፣ ለአሰልጣኙ ኮርቻው ነው ብዬዋለሁ። ስምንት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ለእናቴም፣ ለሂንድም፣ ለማንም አይንገሩ። አማና ነው።

ዱዓ ያድርጉልኝ።

ረይሃና

*አማና በአላህ ፊት የሚቀመጥ አደራ ነው። የበላው ሰው ምን እንደሚባል ፈትያ ነግራኛለች፤ አልደግመውም። ሦስት ቀን በዚህ አደራ ላይ ተኛች። ከዚያ ለእኔ በስህተት የመጣውን ደብዳቤ ጻፈች።*

መስከረም 20 ቀን 2017

ለተከበሩ ሐኪም፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የልክ ደብተሩን የላክሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። አማርኛ ስለማያውቁ የሚተረጉም እፈልጋለሁ፤ ካገኘሁ ነው ይህ የሚደርስዎ።

ረይሃና ቀኝ ዳሌዋን ያማታል። ስትራመድ ነው። ኮርቻው አይደለም። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፣ እኔም እነሆ ተናገርኩ። ከውድድሩ በፊት ይዩልኝ። ምንም ከሌለው ትሂድ፣ እኔን ትርገመኝ። ውሏ እንደሚቀር አውቃለሁ። እኔ እርስዎን ልለምን እንጂ እጄ የሚደርስበት ሌላ ቦታ የለም።

ፈትያ

እንግዲህ እኔ ይህችን ወረቀት ነው ቁጭ ብዬ የተረጎምኩት። ማክሰኞ ተዘጋጀ፤ ስልኬ ላይ ነው፣ የሐኪሟም አድራሻ ገብቷል። «ልላከው?» አልኳት።

«ቆይ።»

ረቡዕ ሱቅ ሄድኩ። የሠርጉን ቀሚስ አስለካችኝ። ስለ ቀሚሱ ብቻ አወራን። ልወጣ ስል፣ «ለማን ነው የሚያደላው?» አለችኝ።

«ማን?»

«አላህ ነዋ። ለአማናው ነው ወይስ ለዳሌዋ?»

እኔ ምን አውቄ። ሼኹን ጠይቂ አልኳት። «እሱን ስጠይቀው የማን ዳሌ ነው ይለኛል፣ ከዚያ ከተማው ያውቃል» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ራሷ ቢሮዬ መጣች። በስንት ዓመታችን ቢሮዬን አይታው አታውቅም። ወንበር ሳትይዝ፣ «ላኪው» አለች። ላክሁት። ሻይ አዘዝኩላት፣ አልጠጣችም፣ ሄደች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እታገኝ፣ መመለስ ይቻላል?»

ስልኩን አሳየኋት። መልስ መጥቷል። ሁለት መስመር ነው፦ «አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ምስል አነሳታለሁ።»

ዓርብ ማታ ሌላ መጣ። የቀኝ ዳሌዋ አጥንት አንገት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኝቷል። ቅዳሜ ተራራ ብትወጣበት ምን እንደሚሆን ሐኪሟ አልጻፈችም፤ ሂንድን ብንጠይቃት፣ «አጥንቱ ለሁለት ይሰበር ነበር» አለችን። ረይሃና በክራንች ናት። ብስክሌት ቢያንስ እስከ ጥር የለም። ቡድኑ ውሏን አላደሰም። በደብዳቤ ነው የነገሯት፣ መልካሙን ሁሉ ተመኝተውላት።

ፈትያ ከዚያ ወዲህ አራት ደብዳቤ ልካለች። አራቱም አልተከፈቱም። ሰኮሩ ላይ ለሐጂራ ልጅሽ ወድቃ ነው ተብሎ ተነግሯታል፤ በየቀኑ ለወደቀችው ልጅዋ ዱዓ ታደርጋለች። ሴቶቹ ቤት የተሰበሰቡ እንደሆነ ፈትያ ሥራ አለብኝ ትላለች። እኔም ሱቁ ስሄድ ምን እንደምላት አላውቅም። «ጥሩ አደረግሽ» ብላት ፊቷ ይጠቁራል፤ ዝም ብላት፣ «ተበሳጨሽብኝ?» ትላለች። አንድ ቀን፣ «ቢሰበርም እኮ ትጽፍልኝ ነበር» አለችኝ። ወዲያው አስታግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ አለች።

ይህን ሁሉ ያለ ልጅቱ ፈቃድ አላተምኩም። ደብዳቤዎቹን ማን እንዳሳየኝ፣ የትርጉሙ እጅ የኔ መሆኑን፣ ሁሉንም ጽፌ ጠየቅኋት። ዐሥራ አንድ ቀን ቆይታ መለሰች፦

«ይታተም። ስሜን ብትቀይሪውም ባትቀይሪውም ያውቁኛል፣ ይወቁኝ። ክለቡ ውስጥ ያሉት ልጆች ያንብቡት፤ የወር አበባ ሲቆም ጥሩ ምልክት ነው የሚላቸው ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ገልብጠው የአጥንቱን መስመር ይጠይቁ። የሰባቱን ቀን ነገር ግን ለምን እንደጻፈችልኝ አላውቅም፤ እሱን ሳነብ ነው የማለቅሰው። ለአዳዳ የምለው ገና የለኝም።»

መልእክቱን ይዤ አወቱ መንደራ ሄድኩ። ፈትያ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ገና ነው ያለችው» አለች፣ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ። «የለኝም አላለችም እኮ። ገና የለኝም ነው።» ከዚያ ልክ የምትለካ ደንበኛ ገባች፣ ፈትያም ተነሳች።

የአጥንቱ ምርመራ በጥር ይደገማል። ለማን እንደሚላክ አልታወቀም። ለእኔ ከመጣ በመጀመሪያ ፈትያ ሱቅ ሄጄ ቁጭ አድርጌ አነብላታለሁ፤ ከዚያ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እዚሁ ገጽ ላይ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። አራቱ ደብዳቤዎች ቀድመው ከተከፈቱ ደግሞ ጥርን አልጠብቅም።